የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሴሚናርና የዝግመተ ለውጥ ትምህርት በድሬዳዋና በሐረር

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች የሚያተኩሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆነ አብረን አስተናግደናቸዋል። ከአንዲት እናት በስተቀር ጸሐፊዎቹ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ሲሆኑ የሚጠይቁትም ስለ ዝግመተ ለውጥ ትምህርትና ትምህርቱ ስለሚሰጥበት ሴሚናር ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስሞቹንም በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ አስቀምጠናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በዝግመተ ለውጥ ኮርስ በሴሚናር እንዳቀርብ የተመደበልኝ በ2022 እዚሁ ከተማችን ስለተከሰተው የወባ ወረርሽኝ የተሠራው ጥናት ነበር። ስላይዶቼን አሳምሬ፣ ጽሑፉንም ደጋግሜ አንብቤ ገባሁ። አቅርቤ ስጨርስ አንድ መምህር «በፈጣን መመርመሪያ የማይገኘው ተሕዋስ የበዛው በተፈጥሮ ምርጫ ነው ወይስ በአጋጣሚ? በምን ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። የምናገረው ጠፋኝ። ለሚቀጥለው እንዴት ልዘጋጅ?
ዮ.፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድሜ ዮ.፣ አንባብያን ነገሩን እንዲከተሉት በመጀመሪያ ስለ ጥናቱ ጥቂት ልበል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ የእስያ ተወላጅ ናት። በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው በ2012 በጅቡቲ ሲሆን በኢትዮጵያ ደግሞ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የለመድናቸው የወባ ትንኞች ዝናብ በሚተወው ኩሬና ረግረግ ሲራቡ ይህቺኛዋ ውኃ በሚጠራቀምባቸው በርሜሎች፣ ታንከሮችና የግንባታ ገንዳዎች ውስጥ መራባት ስለምትችል ለከተማ የተመቸች ናት፤ በደረቅ ወቅትም አትጠፋም። ድሬዳዋ በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ከ2,400 በላይ የወባ ታማሚዎችን ስትመዘግብ ተመራማሪዎች ይህቺን ትንኝ ጠረጠሩ። ጥርጣሬያቸውን የፈተኑትም ወባ የተገኘባቸውን ታማሚዎች፣ ትኩሳት ኖሯቸው ወባ ካልተገኘባቸው ሰዎች ጋር በማነጻጸር ነው፤ የሁለቱንም ወገን ቤተሰቦችና ጎረቤቶች መረመሩ፤ በየቤቱ ዙሪያም ትንኝ ፈለጉ። ያገኙትም በታማሚዎቹ ቤት ዙሪያ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ተሰባስቦ መገኘቱን፣ ይህም ከትንኟ መኖር ጋር በብርቱ የተያያዘ መሆኑንና በትንኞቹም ውስጥ ወደ ሰው የሚተላለፈው የተሕዋሱ ደረጃ መኖሩን ነው። በተጨማሪም ተሕዋስያኑ በዘረመላቸው እጅግ የተቀራረቡ፣ ከአንድ ምንጭ የተባዙ የሚመስሉ ሆነው ተገኙ፤ አርቴሚሲኒን ለተባለው መድኃኒት ከመቋቋም ጋር የሚያያዝ ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) እና ከፈጣን መመርመሪያ የሚያስመልጥ የዘረመል መጥፋትም ተገኝቶባቸዋል።

መምህሩ የጠየቁህ ስለዚህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። በጤና ጣቢያ የምናውቀው መመርመሪያ ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም ውስጥ ኤችአርፒ-2 የተባለውን የተሕዋሱን ፕሮቲን ይፈልጋል። ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረመል የጠፋበት ተሕዋስ በደም ውስጥ እያለ በመመርመሪያው ላይ ፋልሲፓረምን የሚያመለክተው ጭረት ላይወጣ ይችላል፤ ታማሚው «ወባ የለብህም» ተብሎ ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ተሕዋሱም ደሙ ውስጥ ቆይቶ ቀጥላ የምትነክሰው ትንኝ ትወስደዋለች። ዘረመሉ ያልጠፋበት ተሕዋስ ግን በመመርመሪያው ይገኝና በመድኃኒት ይጠፋል። እንግዲህ መመርመሪያው ራሱ ሳይታሰብ አንደኛውን ተሕዋስ ከሌላው ለይቶ የሚያስቀር ኃይል ሆነ ማለት ነው። ይህ የተፈጥሮ ምርጫ መልክ ያለው አስረጅ ሲሆን አንተም በስላይድህ ላይ ያስቀመጥኸው ይህንኑ ይመስለኛል።

ሆኖም ተሕዋስያኑ ከአንድ ምንጭ የተባዙ መምሰላቸው ሌላ ማስረዳት እንዲቻል ያደርጋል። አንድ የተሕዋስ መስመር፣ ማለትም ከአንድ ምንጭ የተባዛ ዘር፣ መመርመሪያውን የሚያመልጠውን ለውጥ አስቀድሞ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ከተማው የገባውም በአጋጣሚ እሱ ሊሆን ይችላል። አዲሷ ትንኝ መተላለፊያ ከፍታለት ሲስፋፋ፣ የጠፋው ዘረመል ምንም ጥቅም ባይሰጠው እንኳ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይበዛል። ያየነው ብዛት በሁለቱም መንገድ ሊመጣ ይችላልና፣ ብዛቱን ብቻ አይቶ ምርጫ ነው ማለት አይቻልም።

ታዲያ በምን ይለያል? ምርጫ ከሆነ ተመሳሳዩ ለውጥ ዝምድና በሌላቸው የተሕዋስ መስመሮች ላይ፣ በተለያዩ ቦታዎች፣ መመርመሪያው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ እየጨመረ መገኘት አለበት፤ በጠፋው ዘረመል ግራና ቀኝ ያለው የዘረመል ክፍልም በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለተስፋፋ ከሌላው ክፍል ይልቅ ልዩነት የጎደለው ሆኖ ይታያል። በ2021 የታተመ፣ ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንባቸው አካባቢዎች ከ12,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ይህን የመሰለ ምልክት አግኝቷል፤ የኤችአርፒ-2 መጥፋት የቅርብ ጊዜና ብርቱ ምርጫ አሻራ እንዳለበትም አሳይቷል። ስለዚህ ለመምህርህ ልትመልስ ትችል የነበረው እንዲህ ነው፦ «ከዚህ ጥናት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ምክንያቱም ተሕዋስያኑ ከአንድ መስመር የመጡ ይመስላሉ። ለመለየት ከሌሎች ቦታዎች የተገኙ፣ ዝምድና የሌላቸው መስመሮች ያስፈልጋሉ፤ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች የተሠራ ጥናት ምርጫ መኖሩን ያመለክታል።» ይህ መልስ «አላውቅም» የሚለውን በውስጡ ይዟል፤ ያም ምንም አያሳፍርም።

ለሚቀጥለው ስትዘጋጅ ጽሑፉን በቃልህ ለመያዝ የምታጠፋውን ጊዜ ቀንስና በየሥዕሉ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍ፦ ይህ ሥዕል እንዲህ ባይሆን ኖሮ የጸሐፊዎቹ መደምደሚያ ምን ይሆን ነበር? ለምሳሌ በታማሚዎቹ ቤት ዙሪያና ወባ ባልተገኘባቸው ሰዎች ቤት ዙሪያ የተገኘው የትንኝ መጠን እኩል ቢሆን ኖሮ ጥናቱ ምን ይቀረው ነበር? ይህን አስበህ የገባህ እንደሆነ አብዛኛው የአድማጭ ጥያቄ አስቀድሞ ያሰብህበት ሆኖ ታገኘዋለህ። ስታቀርብም ከመደምደሚያው ሳይሆን ከጥያቄው ጀምር። ሥዕል ባሳየህ ቁጥር ስለ ግኝቱ ከመናገርህ በፊት ጠቋሚህን አግድሙ መስመር ላይ አድርገህ ምን እንደሚለካ፣ ከዚያም ቋሚው መስመር ላይ አድርገህ ምን እንደሚለካ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር። ይህን ቀላል ነገር የሚዘሉ ብዙ አቅራቢዎች አይቻለሁ፤ አድማጩ መስመሮቹን ለመረዳት ሲታገል አቅራቢው ሁለት ስላይድ አልፎት ይሄዳል፤ ጥያቄ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በትምህርት ክፍላችን ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ በስምንት ሰዓት ሴሚናር አለ። አቅራቢው ይጨርሳል፤ «ጥያቄ ካለ» ይባላል፤ ሁሉም ዝም ይላል፤ ከዚያ ይጨበጨባል። እኔ ብዙ ጊዜ ጥያቄ አለኝ። ነገር ግን ታላላቅ መምህራን በተቀመጡበት እጅ ማውጣት እንደ ድፍረት የሚቆጠርብኝ ይመስለኛል። ጓደኞቼም «ምን አስቸኮለሽ» ይሉኛል።
ሄ.፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ ሄ.፣ ከዘርፉ ታሪክ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ስለ ተፈጥሮ ምርጫ የቻርልስ ዳርዊንና የአልፍሬድ ራስል ዋላስ ጽሑፎች ለመጀመሪያ ጊዜ በጉባኤ የተነበቡት ጁላይ 1 ቀን 1858 ለንደን በሚገኘው የሊኒየን ማኅበር ነበር። ሁለቱም በቦታው አልነበሩም፤ ዳርዊን ሕፃን ልጁ በሞተበት በዚያው ሳምንት ሐዘን ላይ ነበር፤ ዋላስ ደግሞ በሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች ላይ ናሙና ይሰበስብ ነበር። ጽሑፎቹ ተነበቡ፤ በቦታው የነበረው ጆሴፍ ሁከር ኋላ እንዳስታወሰው አንዳችም ውይይት ሳይደረግ ጉባኤው ተበተነ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቶማስ ቤልም ስለዚያ ዓመት ሪፖርት ሲያቀርብ ዓመቱ ዘርፉን በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ግኝት ያልታየበት እንደነበር ተናገረ። የሥነ ሕይወትን መሠረት የለወጠ ሐሳብ በአድማጮች ፊት ተነብቦ፣ ጠያቂ በማጣቱ ብቻ ሳይስተዋል አለፈ። ጥያቄሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ስትመለሺ የሚቀረው የአንቺ ዕውቀት ብቻ እንዳይመስልሽ፤ አቅራቢውም ሥራው የት ላይ እንዳልተረዳ ሳያውቅ ይቀራል።

ታላቅን ማክበር የሚለው ስጋትሽ ይገባኛል። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር ጣልቃ መግባት ነውር ነው። ተናግሮ ሲጨርስ መጠየቅ ግን ነውር አልነበረም። በጥንቱ ሙግታችን ባላጋራውን በዳኛ ፊት «ተጠየቅ» እያለ የሚሞግት ሰው በንግግሩ ብርታት ይመሰገን ነበር እንጂ ደፋር ተብሎ አይነቀፍም ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ጥያቄውን በአክብሮት ቃል ማቅረብና በሥራው ላይ ማነጣጠር ነው። ለምሳሌ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሦስተኛው ሥዕል ላይ የናሙናው ቁጥር ከሁለተኛው ያነሰው ለምን እንደሆነ ቢያስረዱን» ብትይ የሚከፋ ሰው የለም። «ይህ ልክ አይደለም» ከማለት ይልቅ «ይህ ውጤት በሌላ ምክንያት ሊመጣ አይችልም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ለማሰብ ይጋብዛል፤ አክብሮትም አለው። እንዲሁም ጥያቄሽን አቅራቢው እየተናገረ ሳለ ደብተርሽ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ያልቻለ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ነው፤ የሚሻለውን ምረጪ።

ስለ ሰዓቱም አስተያየት አለኝ፤ ይህ ግን ለአንቺ ሳይሆን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ከምሳ በኋላ በስምንት ሰዓት ሰው ሰብስቦ ንቁ ውይይት መጠበቅ ከተማውን አለማወቅ ነው። የከተማው ነዋሪ በዚያ ሰዓት ጥላ ፈልጎ የሚያርፈው በልማድ ብቻ አይደለም። ሴሚናሩ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቢሆን፣ የመጀመሪያው ጥያቄም ለተማሪዎች ብቻ የተተወ ቢሆን፣ መምህራንም ተማሪ እስኪናገር ድረስ ጥቂት ደቂቃ በትዕግሥት ቢጠብቁ ዝምታው ብዙም አይቆይም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁልጊዜ አንጋፋ መምህር የሚወስደው ከሆነ ተማሪው ከዚያ በታች የሆነ ጥያቄ ማቅረብ ያፍራል። ከሴሚናሩ በኋላ በላውንጅ ሻይ እየተጠጣ የሚደረገውም ጨዋታ ቀላል አይምሰልሽ፤ አቅራቢው ሥራው የት ላይ እንዳስቸገረው በግልጽ የሚናገረው እዚያ ነውና ዕድሉን ካገኘሽ አትለፊው።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ ይገባኛል፤ በእንግሊዝኛ ተነሥቼ ስናገር ግን ይጠፋብኛል። በአማርኛ ብጠይቅ ይፈቀዳል?
ከ.፣ ሐረር

መልስ፦ ይህ በትምህርት ክፍላችሁ ደንብ ይወሰናል፤ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተናውና ጽሑፉ በዚያው ነው። በሴሚናር ላይ ግን የውይይቱን መሪ አስቀድመህ «ጥያቄዬን በአማርኛ ጀምሬ ልጨርስ?» ብለህ ብትጠይቅ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ለመከተል ተዘጋጅ። ከሴሚናሩ በፊት ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጽሑፉን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ብትወያዩበት ሐሳቡ ይጠራል፤ የጠራ ሐሳብ በአጭር እንግሊዝኛም ይነገራል።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ ባዮሎጂ አጥንታ ተመርቃለች። አሁን ለማስተርስ የዝግመተ ለውጥን ትምህርት እቀጥላለሁ ትላለች። እኔ ሁለት ነገር እፈራለሁ፤ ሃይማኖቷን እንዳታጣ፣ ሥራም እንዳታጣ። እውነቱን ይንገሩኝ።
ፋ.፣ እናት፣ ከጀጎል፣ ሐረር

መልስ፦ ወይዘሮ ፋ.፣ ለልጅዎ ማሰብዎ የሚያስከብርዎት ነው። ስለ ሃይማኖት የማውቀውን ያህል እነግርዎታለሁ። በትምህርት ክፍሉ ልጅዎ የምትፈተነው ማስረጃውን መረዳቷንና ከማስረጃው ተነሥታ መከራከር መቻሏን ነው፤ ስለ እምነቷ የሚጠይቃት ፈተና የለም፤ የሚጠይቅ መምህር ቢኖርም ከሥራው ውጭ ወጥቷል። ሳይንሱ የሚመረምረው ሕያዋን ፍጥረታት በትውልድ መካከል እንዴት እንደተለወጡና እንደሚለወጡ ነው። ስለ ፈጣሪ መኖር በቅሪተ አካልና በዘረመል መለኪያ የሚሰጥ ብይን የለውም። እርግጥ ስለ ሰው አመጣጥ የሚማሩት ነገር አንዳንድ ተማሪዎችን በጥልቅ እንደሚያሳስባቸው አልክድም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ልጅዎ ጥያቄዋን ይዛ ወደ እርስዎና ወደ ሃይማኖት አባቶቿ ለመምጣት እንዳትፈራ ቢያደርጓት ከሁሉ ይሻላል።

በዘርፉ ከተመሰከረላቸው ሰዎች መካከል ሃይማኖተኞች እንደነበሩ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ ከደቻቱ በላይ ባለው ገደል ላይ ፖርክ ኤፒክ የተባለ ዋሻ አለ። ይህን ዋሻ ለሳይንስ ዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ፒየር ቴያር ደ ሻርደን ሲሆን ይህ ሰው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን የካቶሊክ ካህንም ነበር። በ1933 በዋሻው ውስጥ በተደረገው ቁፋሮ የሰው የታችኛው መንጋጋ ክፍል የተገኘ ሲሆን ከቆፋሪዎቹ መካከል የነበረው አንሪ ብረይም ካህን ነበር። በኋላም በ1970ዎቹ አጋማሽ በተደረገ ቁፋሮ ዋሻው የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሰዎች መኖሪያ መሆኑን የሚያሳዩ እጅግ ብዙ የድንጋይ መሣሪያዎች ወጥተዋል፤ ቀለም ለመሥራት የሚያገለግል፣ 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ቀይና ቢጫ አፈርም ተገኝቷል። በ20ኛው መቶ ዘመን የዘረመልን ሳይንስና የተፈጥሮ ምርጫን ሐሳብ ካገናኙት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪም የኦርቶዶክስ ክርስትና ምእመን ነበር። የእነዚህ ሰዎች ምሳሌ የልጅዎን ጥያቄ አይመልስላትም፤ እምነትና ይህ ትምህርት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ግን ያሳያል።

ስለ ሥራው ደግሞ በግልጽ ልንገርዎ፦ «የዝግመተ ለውጥ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አያገኙም። የሚፈለገው ትምህርቱ የሚሰጠው ችሎታ ነው። ከላይ ለዮ. በሰጠሁት መልስ እንዳነበቡት፣ የወባ ተሕዋስ ከመድኃኒትና ከመመርመሪያ እንዴት እንደሚያመልጥ ማጥናት የዝግመተ ለውጥ ሥራ ነው፤ እንደ አርመር ሃንሰን ያሉ የምርምር ተቋማትም ይህን የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። የአገር ውስጥ የሰብል ዝርያዎችን የሚጠብቀው ብዝኃ ሕይወት ተቋምም እንዲሁ ነው። ሌላው የሐረርጌ ገበሬ የሚያውቀው ምሳሌ አቀንጭራ ነው። ይህ ጥገኛ አረም ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ግን በቅሎ ሥሩ ላይ ይጣበቃል። የዓለም የምግብ ሽልማትን በ2009 ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከሐረር ብዙም በማይርቀው በአለማያ ኮሌጅ፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ነው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ካበረከቱት ትልቅ ሥራ አንዱ ይህን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ፣ አረሙን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ማውጣት ነበር። አረሙም በበኩሉ ሊለወጥ ስለሚችል አንድ ዓይነት መከላከያ ብቻ ያለው ዝርያ ለብዙ ዘመን ላያገለግል ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ልጅዎ ልትማረው የምትፈልገው ነገር ነው። ከመመዝገቧ በፊት ሊያማክሯት የሚችሉት መምህር በምን ላይ እንደሚሠሩ፣ ላቦራቶሪ ወይም የመስክ ሥራ ይኑራቸው አይኑራቸው እንድትጠይቅ ይምከሯት። በእኔ ግምት ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ወደፊት ሥራ ማግኘቷን የሚወስነው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ «የሐረር ጅቦች በዝግመተ ለውጥ ለማዳ መሆናቸው» የሚል ርዕስ ይዤ በፕሮፖዛል ሴሚናር ላይ አቀረብሁ። «ርዕሱ መልሱን ይዞ መጥቷል» ተብሎ ተመለሰብኝ። ጅቦቹ ከሰው እጅ ሥጋ ሲወስዱ ዓለም ሁሉ ያየዋል፤ ታዲያ ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው?
አ.፣ ሸዋ በር፣ ሐረር

መልስ፦ ወንድሜ አ.፣ ያየኸው እውነት ነው፤ ማታ በፈላና በር የሚቀርበውን ሥጋ ጅቦቹ ከእጅ ሲወስዱ ብዙ ሰው አይቷል፤ በጀጎል ግንብ ቀዳዳዎች ገብተው በጠባብ መንገዶቹ ሲያልፉም ነዋሪው ያውቃቸዋል። ያየኸው ግን የጅቦቹን ጠባይ ነው፤ ርዕስህ የሚለው ስለ ምክንያቱ ነው። ጅብ ብልህ እንስሳ ስለሆነ ሰው እንደማይጎዳው በዕድሜው ሊማር ይችላል። የተማረውን ነገር በዘረመል ለልጁ አያስተላልፍም፤ ልጁም ራሱ እንደገና ይማረዋል። ዝግመተ ለውጥ ለማለት ድፍረቱ በከፊል በዘር የሚወረስ መሆኑን፣ ደፋሮቹም ከፈሪዎቹ የበለጠ ልጅ ማሳደጋቸውን ማሳየት ይኖርብሃል።

«ግልገሎቹም እንደ እናቶቻቸው ደፋሮች ናቸው» ብለህ እንዳትመልስ አንድ ነገር ልጨምር። ነጠብጣብ ጅቦች ሴቶች የሚገዙበት መንጋ አላቸው፤ ሴት ግልገል በመንጋው ውስጥ የምትይዘው ደረጃ ከእናቷ ደረጃ ቀጥሎ ነው። ይህ ደረጃ ግን የሚተላለፈው በዘረመል አይደለም። በሌላ እናት ያደገ ግልገል የሚይዘው የአሳዳጊውን ደረጃ መሆኑ ተረጋግጧል። ግልገሎች ከአንድ ዓመት በላይ የሚጠቡና እናታቸውን ተከትለው የሚያድጉ በመሆናቸው ድፍረትንም ከእርሷ ሊማሩ ይችላሉ። በእናትና በልጅ መካከል መመሳሰልን ማየት ብቻ ስለ ውርስ ምንም አይነግርህም።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ይቃወሙሃል። ወንድ ጅቦች ሲጎለምሱ አብዛኛውን ጊዜ ከተወለዱበት መንጋ ወጥተው ወደ ሌላ መንጋ ይገባሉ፤ ስለዚህ በሐረር ዙሪያ የሚወለዱት ግልገሎች አባቶች ከሩቅ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የከተማው ጅብ ከገጠሩ ተለይቶ እንዳይለወጥ ይህ ያግዳል። ጊዜውም አጭር ነው፤ ሴቷ ጅብ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ወይም ከዚያ በኋላ ነውና በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ የሚያልፈው ትውልድ ብዙ አይደለም። በአጭር ጊዜ ለማዳነት እንደሚመጣ ለማሳየት የሚጠቀሰው የሩሲያው የቀበሮ ሙከራ ነው፤ በ1959 ዲሚትሪ ቤልያዬቭ ሲጀምረው ቀበሮዎቹ በፍርግርግ ቤት ውስጥ ተዘግተው ስለነበሩ በየትውልዱ ለሰው የሚቀርቡትን ብቻ መርጦ ማራባት ይችል ነበር። በሐረር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚራባ የሚወስን ሰው የለም።

ርዕሱን ሙሉ በሙሉ መጣል ግን አያስፈልግህም። በማስተርስ ጊዜ ውስጥ ልትሠራው የምትችለው የመሸሽ ርቀትን መለካት ነው፦ በእግሩ የሚቀርብ አንድ ሰው ስንት ሜትር ሲደርስ ጅቡ ይርቃል? ይህን በመመገቢያው አካባቢ፣ ከመመገቢያው ርቆ በከተማው ዳርቻ፣ ከዚያም በባቢሌ አቅጣጫ ባለው ገጠር ብትለካ ሦስት ቦታ ይኖርሃል። ድፍረቱ በመመገቢያው ብቻ ከሆነና ያው ጅብ ሌላ ቦታ ሲገኝ የሚሸሽ ከሆነ፣ ጅቡ ቦታን ለይቶ የተማረ መሆኑ ይበልጥ ያሳምናል። ግልገሎች መጀመሪያ ወደ መመገቢያው ሲመጡ ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ከወራት በኋላስ እንዴት እንደሚሆን መመዝገብም ብዙ ይነግርሃል። ከመጀመርህ በፊት ግን የጅብ መጋቢዎቹን ፈቃድና ምክር ጠይቅ፤ እንስሳቱን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ የዱር እንስሳት ፈቃድም የትምህርት ክፍልህ ያስጨርስልህ። ርዕስህንም «የሐረር ከተማና የአካባቢዋ ጅቦች ከሰው የመሸሽ ርቀት ንጽጽር» ወደሚል ቀይረው።

እንደገና ስታቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ናሙናው ይሆናል። አንድን ጅብ በተለያዩ ሌሊቶች ብዙ ጊዜ ለክተህ እያንዳንዱን ልኬት እንደ የተለየ እንስሳ ብትቆጥረው ውጤትህ ዋጋ ያጣል። የእያንዳንዱ ጅብ ነጠብጣብ የተለያየ ስለሆነ በሁለቱም ጎን ፎቶግራፍ አንሥተህ መለያ ቁጥር ስጠው፤ ልኬቶቹንም በእያንዳንዱ እንስሳ ሥር መዝግብ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት እንስሳት የሞላኸውን ሰንጠረዥ ይዘህ ወደ ሴሚናሩ ግባ።